ባዶው የስም መስመር

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ የተማሪ ተቀባይ ማኅበሩን የአባላት መዝገብ ሳጣራ፣ ስም ያልተጻፈበት አንድ ቅጽ ብቻ ቀረኝ።

የቅጹ ባለቤት የደሃና ወረዳ ገበሬ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ሦስት የቆርቆሮ ክፍል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ፣ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ክርኑ በማዳበሪያ ጆንያ የተጣፈ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አህያቸውን ይዘው ሰቆጣ መናኸሪያ ይቆማሉ። የአዲስ ገቢዎችን ሣጥን ጭነው እስከ ማደሪያቸው ያደርሳሉ። ፎቁ ከበዛ፣ መንገዱ ከተነጠፈ በኋላም አልተዉም።

«አባባ፣ ባጃጅ አለ እኮ!» ስትላቸው አንዷ አዲስ ገቢ፣ «ባጃጁ የማን ልጅ ነሽ ብሎ ይጠይቅሻል?» አሏት።

ስማቸውን ስጠይቃቸው ግን፣ «ቆዪ አንቺ፤ ልጄ ለትምህርት ሲመጣ በእጁ ይጽፈዋል» ይሉኝ ነበር።

ልጃቸው በ2009 እዚሁ ተመድቦ ነበር። ወደ ሳዑዲ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። በተመዳቢዎች ዝርዝር ላይ ከስሙ ትይዩ «አልተመዘገበም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአባቱ ስም እዚያው ከስሙ ቀጥሎ ስላለ፣ ገልብጬ ቅጹን መሙላት እችላለሁ። አልሞላሁትም።

ሽማግሌው ባለፈው ሐሙስ አረፉ። የመጨረሻ ጭነታቸው ከኒሯቅ ከተማ የመጣች ልጅ ሣጥን ነበር። ማደሪያዋ በር ላይ አወረዱላት፣ ገመዳቸውን ጠቀለሉ፣ አህያዋን ከቧንቧው አጠጥተው ሄዱ።