የእትዬ ዓለምፀሐይ ሁለት ብልቃጦች

መክብብ ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ሲያስተምር ለተማሪዎቹ አንድም ቀለም አሳይቶ አያውቅም። ትምህርት ቤቱ የነበረው ጥቁር ሰሌዳና ነጭ ጠመኔ ብቻ ነው። «መዳብ እሳት ውስጥ ሲገባ አረንጓዴ ያበራል» ይላል፤ ልጆቹ «አረንጓዴ» ብለው ይጽፋሉ። «ፖታሲየም ወይን ጠጅ» ይላል፤ እሱንም ይጽፋሉ። ራሱም አይቶት አያውቅም። በሕልሙ ግን አንዳንዴ ይመጡለት ነበር፤ እሳቶቹ ተራ በተራ ቀለማቸውን እየለወጡ በጠረጴዛው ላይ ሲሄዱ ያያል።

አሁን ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የሚኖረው ባሕር ማዶ፣ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ከፌርፋክስ መንገድ ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ካለ አሮጌ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት በርባንክ ወዳለው ላቦራቶሪ ድራይቭ ያደርጋል። ቦታው ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንሾካሾካሉ። እዚያ የሚመጣው ከህንድ የሚገባ፣ አዩርቬዳ የሚሉት የባህል መድኃኒት ነው፤ ሥር፣ ቅጠል፣ ሙጫ፣ ተቃጥሎ አመድ የሆነ ማዕድን። የመክብብ ሥራ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውና ብልቃጡ ውስጥ ያለው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ከሥራው ሁሉ የሚወደው አንድ ነገር አለ። ዱቄቱን በአልኮል ይዘፈዝፍና ነጭ በተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ግርጌ ላይ ጠብ ያደርገዋል። ሰሌዳውን ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ዕቃ ውስጥ ያቆመዋል። ፈሳሹ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ እርጥበት የጭቃ ግድግዳ እንደሚወጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ሲወጣ በተክሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየለያየ ይወስዳል፤ አንዱን ሩቅ ያደርሰዋል፣ ሌላውን መንገድ ላይ ይተወዋል። ከዚያ መክብብ ሰሌዳውን አድርቆ ወደ ጨለማው ክፍል ይገባል፣ ሐምራዊውን መብራት ያበራል። ባዶ በነበረው ነጭ ላይ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ የጽጌረዳ መልክ ያላቸው መስመሮች ብቅ ይላሉ። እያንዳንዱ ተክል የራሱ መስመሮች አሉት፤ አታላይ ቅጠል ከተቀላቀለበት አንድ መስመር ይጎድላል ወይም እንግዳ ይገባል። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መክብብ ግን ባልደረቦቹ በሩን አንኳኩተው «አለህ?» እስኪሉት እዚያው ይቆማል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ከህንድ፣ ከኬረላ የመጣች፣ ሽበቷን የማትደብቅ ሴት ናት። አያቷ የባህል ሐኪም ነበሩ። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ስለ እሳቸው ነገረችው። አያቷ ብረት አቃጥለው አመድ ሲያደርጉ የሚለኩበት ማሽን አልነበራቸውም። አመዱን በጣታቸው ያሹታል፤ የጣታቸው መስመር ውስጥ ከገባ ደቋል ማለት ነው። ቀጥሎ በረጋ ውሃ ላይ ይነሰንሱታል፤ መንሳፈፍ አለበት። በመጨረሻ በተንሳፈፈው አመድ ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ ያሳርፋሉ። ሩዟ ካልሰጠመች መድኃኒቱ ደርሷል።

«ትንፋሼን ይዤ ነበር የማየው» አለችው።

«ታዲያ ማሽኑ ለምን አስፈለገን?»

«ሩዟ የምትናገረው አመዱ መድቀቁን ነው። ሰው ሆድ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ሩዟ አታውቅም።»

መክብብ ያን ሳምንት መኪና ሲነዳም፣ ሻወር ሲወስድም ያቺ ሩዝ በዓይኑ ላይ ትንሳፈፍ ነበር።

ከእሱ በር ፊት ለፊት እትዬ ዓለምፀሐይ ይኖራሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ፌርፋክስ ላይ ባለ ምግብ ቤት ወጥ ሲሠሩ ቆመው ኖረዋል፤ ጉልበታቸው እዚያ አለቀ። ባለፈው ዓመት የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ጥቁር እንክብል ገዝታ ሰጠቻቸው፤ የከርቤ ዘመድ ከሆነ ሙጫ፣ ከዝንጅብልና ከቁንዶ በርበሬ የተሠራ የአዩርቬዳ መድኃኒት። ብልቃጡ ሳያልቅ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ወጡ። እሁድ በጉባኤው ፊት ቆመው መሰከሩ፤ ሕዝቡ እልል አለ፣ መክብብም ከኋላ ወንበር አጨበጨበ።

ሁለተኛውን ብልቃጥ ከጀመሩ ሦስት ወር ሲሆናቸው ግን መክብብ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ጉልበትዎ ነው?»

«ጉልበቴማ ደህና ነው። መክብቤ፣ ምላሴ ላይ ሳንቲም የያዝኩ ይመስለኛል። ሆዴን ይቆርጠኛል። ደግሞ እንቅልፍ፣ እንቅልፍ ብቻ።»

መክብብ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እንክብሉን አሁንም ይወስዳሉ?»

«እንዴታ! ያዳነኝን?»

«ከመጀመሪያው ብልቃጥ የተረፈ አለ?»

አሮጌው ብልቃጥ አምስት ፍሬ እንደያዘ የቤተ ክርስቲያን ቦርሳቸው ውስጥ ተረስቶ ነበር። ከአሮጌውም ከአዲሱም ጥቂት ጥቂት በሶፍት ጠቅልለው ከነብልቃጦቹ ሰጡት። «ልትከሰው ነው?» ብለው ሳቁ።

«ላየው ነው እትዬ።»

ኃላፊዋ ፈቀደችለትና ቅዳሜ ከሰዓት ላቦራቶሪው ጭር ሲል ሠራው። መጀመሪያ ሰሌዳውን አየ። የሁለቱ ብልቃጦች መስመሮች ጎን ለጎን ቆመው እንደ መንታ ተመሳሰሉ፤ ሙጫውም ዝንጅብሉም ቁንዶ በርበሬውም በቦታቸው አሉ። ደስ አለው። እንዲያውም ትንሽ ቆየባቸው። ከዚያ እንክብሎቹን በአሲድ አሟሙቶ ብረት ወደሚቆጥረው ማሽን ሰደዳቸው። ማሽኑ ውስጥ ከፀሐይ ፊት የሚበልጥ ሙቀት ያለው ነበልባል አለ፤ የሚገባው ነገር ሁሉ እዚያ ተበትኖ ስሙን ይናገራል። የመጀመሪያው ብልቃጥ ንጹሕ ነበር። የሁለተኛው ቁጥር ሲመጣ መክብብ ማሽኑ የቆሸሸ መስሎት አጠበው። ደገመው። ሠለሰው። እርሳስ ነው፤ ከሚፈቀደው እጅግ የበለጠ እርሳስ።

ኃላፊዋ ሲጠራት ከቢሮዋ መጥታ ብልቃጦቹን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየች። ያው ስም፣ ያው የቅጠል ሥዕል፤ የሚለየው ከታች የታተመችው ትንሿ የምርት ቁጥር ብቻ ናት።

«የእርሳስ አመድ ሆን ብለው ጨምረው ሳይጽፉት ቀርተው ይሆናል። ከወፍጮው ገብቶም ይሆናል። ከዚህ ሆነን ማወቅ አንችልም» አለች።

«ያቺ ሩዝ በዚህኛውም ላይ ትንሳፈፍ ነበር?»

ብልቃጡን መስኮቱ ሥር አቆመችው። «ሳትንሳፈፍ አትቀርም» አለች።

በማግስቱ ከአምልኮ መልስ የእትዬን በር አንኳኳ። ልጃቸው ሄቨንም ቤት ነበረች፤ እዚሁ የተወለደች የኮሌጅ ተማሪ ናት። መክብብ ነገሩን ሳያንዛዛ ነገራቸው።

«እርሳስ?» አሉ እትዬ። «የተማሪ እርሳስ?»

«የለም፣ ብረቱ። ከባዱ።»

«ማሚ፣ ሊድ ነው የሚለው! ፖይዝን ነው!» ሄቨን ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ጋሼ፣ አንተ ራስህ ነህ ቴስት ያደረግከው? ሹር ነህ?»

«ሦስት ጊዜ።»

እትዬ ዓለምፀሐይ መክብብን እንጂ ልጃቸውን አላዩም። «ታዲያ ደረጃውን ያወጣኝ ምንድነው? እኔ እኮ በጉባኤ ፊት መስክሬያለሁ። እሱን ምን ላድርገው?»

«የመሰከሩት ስለ መጀመሪያው ብልቃጥ ነው። እሱ ንጹሕ ነበር።»

«አንድ ስም፣ ሁለት ነገር?»

«አዎ እትዬ። በየጊዜው ሲሠራ የሚለካው ሰው ከሌለ እንዲህ ይሆናል።»

ሰኞ ሄቨን ክፍል ቀርታ እናቷን ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ደማቸው ውስጥ እርሳሱ ተገኘ። ሐኪሙ እንክብሉን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ በየወሩ ደም ይስጡ አለ፤ ሆስፒታል መተኛት አላስፈለጋቸውም። ለጤና ቢሮው ተነገረ፤ ሰዎች መጥተው ሱቁ ውስጥ የቀሩትን ብልቃጦች ሰበሰቡ። የሥራ ባልደረባቸው አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀች፤ እሷም ከዚያው ትወስድ ነበርና ደሟን አስመረመረች።

የሆድ ቁርጠቱ በጥቂት ሳምንት ለቀቃቸው። የጉልበታቸው ሕመም ግን ተመለሰባቸው፤ ምርኩዙም አብሮ። ያን ጊዜ መክብብን ተቀየሙት። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። አንድ ቀን በሩን ገርበብ አድርገው በስልክ «መዳኔን ወሰደብኝ» ሲሉ ሰማቸው። አልተከራከረም። የገበያ ከረጢታቸውን ታች ካገኘው አውጥቶ በራቸው ላይ ያኖርላቸዋል፤ እሳቸውም የማን እጅ እንደሆነ ያውቃሉ፣ አይናገሩም።

በአራተኛው ወር የደማቸው እርሳስ ከግማሽ በታች ወረደ። በዚያ ሳምንት በሩ ተንኳኳ።

«ሄቨን ቀለም አለው ትላለች፤ የምትሠራው ነገር። አሳየኝ።»

ቅዳሜ በርባንክ ወሰዳቸው። ኃላፊዋ በር ድረስ መጥታ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። መክብብ ካስቀራቸው ፍሬዎች አዲስ ሰሌዳ ሠርቶ ነበር። ጨለማው ክፍል ውስጥ ወንበር አደረገላቸውና መብራቱን አበራ።

እትዬ ዓለምፀሐይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰማያዊው ከላይ፣ ብርቱካናማው መሐል፣ ታች የጧት ሰማይ የሚመስል ቀጭን ጽጌረዳ። መስመሮቹ በጨለማው ውስጥ የሚተነፍሱ ይመስላሉ።

«ይህን ነው የዋጥኩት?»

«ይህን ነው።»

«በሁለቱም ወገን አንድ ነው እኮ።» ጣታቸውን ሳይነኩት ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገሩ። «እርሳሱ የቱ ነው?»

«እዚህ አይታይም እትዬ። እሱ ቀለም የለውም። ሌላ ማሽን ነው ያገኘው።»

አውሮፕላን ተነሳ፤ ከበሩ ውጭ ብርጭቆዎቹ ተንሾካሾኩ።

«ንጹሑስ፣ የመጀመሪያው፣ እሱ ነው ያዳነኝ?»

መክብብ አዎ ሊላቸው ፈለገ። «አላውቅም» አለ። «እኔ የማውቀው ውስጡ ያለውን ነው። ማዳኑን ለማወቅ ብዙ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል።»

«አለማወቅህን መናገርህ ጥሩ ነው» አሉ። «ልትዋሸኝ ነበር፤ ድምፅህ ነገረኝ።»

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፌርፋክስ ሲደርሱ ፓርክ አድርጎ ቀሰቀሳቸው። ደረጃውን ምርኩዛቸውን ይዘው ጀመሩ፤ አራተኛው ላይ ቆሙና «እጅህን ስጠኝ» አሉት። ሰጣቸው፤ ቀሪውን ቀስ ብለው አብረው ወጡ።