ሳይዞር የቀረው የአያቴ ጽዋ

ባለፈው ኅዳር፣ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ ከአገር ወጥተን በምንኖርባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን የነበርነው፣ ቀድመው ከሄዱት ካህን በቀር፣ እነዚህ ነን። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ በሩ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ። ከአያቴ ጋር በአንድ ፈረንጅ ቤት ለዓመታት የሠሩት እትዬ ብርሃኔ፣ ከጋሽ ተሰማ አጠገብ። በነፃ የንግድ ቀጠናው ትራንዚተር የሆነው ጋሽ ደረጄ፣ ቫንቲላተሩን፣ የአየር ማራገቢያውን፣ ወደ ራሱ አዙሮ። ሚስቱ ሮማን፣ በስተቀኙ። በረዶ ይዛልን የመጣችው ሶማሌ ጎረቤታችን ሐሊማ፣ ደጃፉ ላይ። እና አስተናጋጁ እኔ። አንድም ሰው ያላስቀረሁት በመጨረሻ የምጠይቃቸው ነገር ስላለኝ ነው።

ቀኑ የአያቴ የእማማ አስካለ ተራ ነበር። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች እማ እያልኩ ያደግኩት እሷን ነው። የማርያምን ማኅበር እዚህ ከተማ ከጀመሩት አንዷ ናት። በጾም ቀን ለአሠሪዎቿ ሥጋ ስትሠራ በአፏ አትቀምስም፤ የጨዉን ልክ ከእንፋሎቱ ታውቅ ነበር ይላሉ እትዬ ብርሃኔ። ጽዋውን ተቀብላ ተራዋ ሳይደርስ ነሐሴ ላይ ሞተች። ማኅበሩ ሐዘኔን ጠበቀልኝና ድግሷን ኅዳር ላይ እኔ አወጣሁላት።

ካህኑ ጠበሉን ባርከው ወደ ሌላ ዝክር ሄዱ። ጾመ ነቢያት ስለገባ ያቀረብኩት ሽሮና ምስር ነበር። ጋሽ ደረጄ ሽሮውን ሲያይ ሳቀ።

«ይህቺስ ቅቤ የላትም?» አለ።

ከዚያ ያንን ወሬ ጀመረ። ብዙ ጊዜ ሲያወራው ሰምቻለሁ። አንድ ዓመት በሁዳዴ እማን ቤቱ ምሳ ጠራት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ በእግሯ ሄደች። ሮማን ሽሮውን አውጥታ ዘወር ስትል፣ እሱ አንድ ሹፌር ከድሬዳዋ ያመጣለትን ሽታ የሌለው ለጋ ቅቤ ጨመረበት። እማ በልታ፣ አመስግና፣ እጇን ስትታጠብ የቅቤውን ጣሳ ከፍቶ አሳያት። «እማማ፣ ዘንድሮ ፋሲካ ቀድሞ ገባልሽ» አላት። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጭኑን ይመታል። ያን ቀንም መታ። ሮማን ሳቀች። ጋሽ ተሰማ ፈገግ አሉ። እትዬ ብርሃኔ መሶቡን ነበር የሚያዩት።

ከዚህ በኋላ ደረጄን ጋሽ ማለቱን እተወዋለሁ።

ደረጄ የማያወራው የወሬው ጅራት አለ። እማ ንስሐ ገብታ የታዘዘላትን ስግደት ሁሉ በዚያ በደከመ ጉልበቷ ሰገደች። ከዚያ ወዲህ ከእኔና ከራሷ እጅ በቀር ሰው የሠራውን በልታ አታውቅም። ኩላሊቷ ታሞ አልጋ ስትይዝ ጎረቤት አጥሚት ያመጣል፣ ሾርባ ያመጣል። ሰው እንዳይቀየማት «ጠግቤያለሁ፣ አስቀምጡልኝ» ትላለች። እኔ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ላይ ነው የምሠራው። ማታ ስገባ ሳህኖቹ እንደተከደኑ ራስጌዋ ተደርድረው አገኛለሁ። እሷ ቀኑን ሙሉ እኔን ስትጠብቅ ውላ ከንፈሯ ደርቋል። ስትሞት በአንድ እጄ የማነሳት ያህል ቀልላ ነበር።

ምግቡ ከተነሣ በኋላ ጋሽ ተሰማ ጽዋውን አነሡ። የዕለቱ ተቀባይ ደረጄ ነበር። ለታኅሣሥ ተራው የቀጠናውን አለቆች ሁሉ እንደጠራ እዚያው ሲያወራ ነበር። ጋሽ ተሰማ እንደወትሮው «የተቀያየመ አለ?» ብለው ጠየቁ። በየወሩ ይጠየቃል፤ የመለሰ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። የተቀያየመ ካለ ሳይታረቅ ጽዋው አይዞርም።

«አለ» አልኩ።

«ማን ከማን?»

«እኔ ከደረጄ።»

«በምን ልጄ? በቀልድ?» አለ ደረጄ፣ አሁንም እየሳቀ።

ስለ ሳህኖቹ ነገርኳቸው። ይህን ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እትዬ ብርሃኔ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ ከሳህኖቹ ሁለቱ የእሳቸው ነበሩ። ሐሊማ ምን እንደሆነ ጠየቀችና ሮማን በሶማሊኛ አጭር አድርጋ ነገረቻት። ሐሊማ በአማርኛ መለሰች።

«ረመዳን ላይ እኔን እንዲህ ቢያደርገኝ ቤቴን አይረግጥም ነበር።»

ደረጄ ተነሥቶ ጎንበስ አለና ይቅር በለኝ አለ። ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም፤ ጽዋው ላይ ነበር። ጋሽ ተሰማ ይቅር ለእግዚአብሔር በል ብለው ለመኑኝ። እኔ ግን አላልኩም።

«እሷ እኮ ይቅር ብላዋለች። በየወሩ አብራው ጠጥታለች» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

«እሷ የራሷን ይቅር ብላለች። የእኔን አላለችም» አልኩ። ከዚያ ወደ ደረጄ ዞርኩ። «እሷንስ ይቅርታ ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

«ጠይቄአታለሁ።»

«የት?»

«አላስታውስም። እዚሁ ማኅበር ላይ፣ ሰው ባለበት።»

ጋሽ ተሰማ ጽዋውን መልሰው ከደኑት። ሰው አንድ በአንድ ወጣ። የታኅሣሡ ድግስ ቀረ፤ ደረጄም ለእንግዶቹ ምክንያት ሲፈልግ እንደሰነበተ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ ብዬ ነበር፤ አላፈርኩም። ጽዋው አሁንም እኔ ቤት ነው፤ በእማ ነጠላ ሸፍኜዋለሁ። ማኅበርተኞቹ ጽዋውን እንድሰጥ ሰው እየላኩ ይጠይቁኛል፤ እኔም ይኸው መልሴን ጻፍኩ።

ጋሽ ተሰማ፣ እትዬ ብርሃኔ፣ ሮማን፤ እናንተ በየወሩ እዚያ ነበራችሁ፣ እኔ ግን የሌሊት ፈረቃ እያለብኝ ያመለጡኝ ወሮች አሉ። ደረጄ እማማ አስካለን ይቅርታ ሲጠይቃት በጆሮው የሰማ ካለ እዚህ ጽሑፍ ላይ ይጨምርበት። የት ተቀምጣ እንደነበር፣ ምን ብላ እንደመለሰችለት ጭምር ይጻፍልኝ። እውነት ከሆነ ጽዋውን በዚያው ቀን ደጁ ድረስ እወስድለታለሁ። የሰማ ከሌለ ግን ባለበት ይቆያል።