አንድ ደረት ላይ የተማርነው ልብ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ቁም ሳጥን ስታጸዳ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ መጣችና «አባዬ፣ ይሄ እባብ ይጣል?» አለችኝ። ከፍቼ አየሁት። የድሮው ማዳመጫዬ ነው፣ የተማሪነት ስቴቶስኮፔ። የጋምቤላ ሙቀት ጎማውን አቅልጦት እርስ በርሱ ተጣብቋል። ስነካው ጣቴ ላይ ጥቁር ነገር ቀረ። ሽታው ግን እንዳለ ነው፤ የጎማ፣ የላብ፣ ትንሽ ደግሞ የማንጎ። የማንጎው ሽታ ከፌስታሉ ይሁን ከጭንቅላቴ እንጃ። ለሰው ስንቱን የማዝዝ የጤና ሰው፣ ለራሴ የማዝዘው አጥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

አየህ፣ እኔ ጤና ኮሌጅ የገባሁት ተባርሬ ነው። አባቴ ገበያው መሃል ሱቅ ነበረው፤ ብስኩት፣ ሳሙና፣ የላስቲክ ጫማ ይሸጣል። እኔ ሱቅ ስጠብቅ ከሚሸጠው ብስኩት የምበላው ይበልጣል። «ወላሂ አንተን እዚህ ከማቆም አይጥ ባረባ ይሻለኛል» አለና ወስዶ አስመዘገበኝ። ደም ሳይ የምወድቅ ሰው መሆኔን አልነገርኩትም። በመጀመሪያው ሳምንት ጣት እየወጋን የወባ ምርመራ ስንለማመድ ዘርፈጥ አልኩ። የራሴ ደም እንኳ አልነበረም፣ የጎረቤቴ ነው።

ከወለሉ ላይ ያነሳኝ ጓደኛዬ ነው። ያኔ ገና ጓደኛዬ አልነበረም። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ልጅ፣ የባሮ ዳር ተወላጅ፣ የቸርች መዘምር። ተሸክሞ አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝና እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ለብዙ ጊዜ ቁና ቁና ተነፈሰ። «ከባድ ነህ» አለኝ በመጨረሻ። ክብደቴ ነው ብዬ አመንኩ። እኔን ያየ ማን አያምንም?

አብረን ቤት ተከራየን። አማርኛ ለእሱ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ አጭር አጭር አድርጎ ነበር የሚናገረው። እኔ በአንድ ሰዓት የምለፈልፈውን እሱ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። ስሜን ደግሞ «ዶክተር ብስኩት» አለኝ፣ ክፍሉም ተቀበለው። እስከዛሬ ገበያ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው አለ።

በሁለተኛው መንፈቅ ፓቶፊዚዮሎጂ መጣ፤ በሽታ ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን የምንማርበት ነው። መምህሩ ደገኛ ነው። ላቡን የሚጠርግበት ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ያስተምራል፤ ሰሌዳው ከሚጠረገው ይልቅ እሱ የሚጠረገው ይበዛል። «በሽታ ከሰማይ የወረደ እንግዳ አይደለም» አለን በመጀመሪያው ቀን። «ጤናው ራሱ መንገድ ሲስት ነው።» ቀጥሎ ያለውን ደግሞ እኔም ዛሬ ቃል በቃል አስተምረዋለሁ። «ሰውነት ሲጎዳ ወዲያው አይጮህም። ያካክሳል። የደከመ ልብ ይፈጥናል፣ ይሰፋል፣ ይወፍራል፤ ሰውየውም ደህና ነኝ ይላል። ማካካሻው ሲያልቅ ነው ወደ እናንተ የሚመጣው።» ይሄን ከስሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር። ማስመር እወዳለሁ፤ ማንበቡ ነው የሚያስቸግረኝ።

የተማርነውን በሽታ ሁሉ በየሳምንቱ እታመም ነበር። የስኳር ምዕራፍ ላይ ውሃ ጠማኝ፤ ጋምቤላ ውስጥ ማን አይጠማውም? የኩላሊቱ ሳምንት ወገቤን ይዤ ሄድኩ። ጓደኛዬ ኮስተር ብሎ ሆዴን ይነካካና «ገባኝ» ይለኛል፤ «የታመምከው ምሳ ነው።»

እሱ ታምሜአለሁ ብሎ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ እጁን አወጣ። መምህሩ የሰውነት መከላከያ አንዳንዴ እንደሚሳሳት እያስረዳ ነበር፤ ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም፣ መከላከያው ጀርሙን ተዋጋሁ ብሎ የልጁን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል አለን።

«ቲቸር» አለ ጓደኛዬ። «ልብ ምን አጠፋ?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። «ምንም» አለው። «ተመሳስሎበት ነው።»

ጓደኛዬ ተቀመጠና ደብተሩ ላይ «ተመሳስሎበት» ብሎ ጻፈ። ማታ ሩዝ ስንበላ «ልጅ ሆኜ ጉልበቴ አብጦ ነበር» አለኝ። «ከዚያ ሄደ። ከዚያ ክርኔ። እሱም ሄደ።» እኔ ምን አልኩ መሰለህ? «አንተም ጀመረህ? በሽታ መታመም የእኔ ሥራ ነው፣ እንጀራዬን አትንካ» አልኩት። ሳቀ። ነገሩም እዚያው ላይ ቀረ።

ወደ ማዳመጫው ልምጣ። ኮሌጁ የነበረው ስቴቶስኮፕ ተቆልፎበት ነው የሚኖረው፤ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። መምህሩ «ልምምዱን ሆስፒታል ስትወጡ» ብሎናል። አባቴ ግን ልጁ ሐኪም መሆኑ እንዲታይለት ከአዲስ አበባ ዕቃ ከሚያመጣ ነጋዴ ጋር አስመጣልኝ። አንገቴ ላይ አድርጌው ገበያ ውስጥ ስንት ዙር እንደዞርኩ አትጠይቀኝ።

ከትምህርት በኋላ ማንጎው ዛፍ ስር እንሰበሰባለን። ንቦች የወደቀው ማንጎ ላይ ይጮኻሉ፣ ከባሮ በኩል እርጥብ ንፋስ ይመጣል። የማንን ደረት እንስማ? መጀመሪያ የእኔን ሞከሩ። አንዷ ሰምታ «ፍራሽ ስር የተቀበረ ራዲዮ ነው» አለች። ስለዚህ ጓደኛዬ ሸሚዙን አወለቀ። ቀጭን ነው፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፣ የልቡ ምት በዓይን ይታያል። ሁሉም ትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲያሳርፍ ግራ ደረቱ ላይ በእስክሪብቶ ኤክስ ምልክት አደረግንበት። ላቡ ሲያጠፋው መልሰን እንጽፈዋለን። የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ይቀመጣል፣ እኛ እንሰለፋለን። ወሩን ሙሉ ክፍሉ በሙሉ ልብን የተማረው እሱ ላይ ነው።

ሉብ፣ ሽሽ፣ ደብ። ሉብ፣ ሽሽ፣ ደብ። ደብተራችን ላይ እንዲሁ ጻፍነው። በአፋችንም እየተቀባበልን እንጫወትበት ነበር።

ከፑኝዶ የመጣች ልጅ ነበረች፣ የክፍሉ አንደኛ። እሷ ብቻ መምህሩ የሰጠንን ሃንድአውት ዘርግታ «እዚህ ላይ እኮ ሁለት ድምፅ ነው የሚለው» አለች። «ይሄ መሃል ላይ ያለው ሽሽታ ምንድነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የማዳመጫው ባለቤት ነኛ፣ ዶክተር ነኛ። «እሱ ደሙ ሲያልፍ ነው» አልኩ። «ውሃ እንኳ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ይጮኻል፣ ደም ሌባ ነው እንዴ ተደብቆ የሚያልፈው?»

ማንጎው ስር ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጓደኛዬም ጀሪካኑ ላይ ሆኖ ደረቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ልጅቷ ሃንድአውቷን አጠፈች።

በሕይወቴ ብዙ ሰው አስቂያለሁ። ያቺን ቀልድ ግን ብመልሳት ደስ ይለኛል።

ሌላም የሚታይ ነገር ነበር፣ ዓይን ላለው። ከኮሌጅ ስንመለስ ድልድዩ መሃል ላይ ሁልጊዜ ይቆማል። «ውሃውን ልይ» ይላል። ተወልዶ ያደገበትን ውሃ በየቀኑ ምን ያየዋል አላልኩም፤ እኔም መቆሙ ተመችቶኛል። እሁድ ሲዘምር የረዘመችውን ዜማ አጋማሽ ላይ ለሌሎቹ ይተዋታል። ሲተኛ ደግሞ ብርድ ልብሱን አጥፎ፣ ቦርሳውን ጨምሮ፣ ያን ወፍራም የፓቶፊዚዮሎጂ ጥራዝ ከስር አድርጎ፣ ተቀምጦ ነው ማለት ይቻላል የሚተኛው። «እኛ በዓይናችን እናነባለን፣ እሱ በማጅራቱ» እያልኩ ለክፍሉ አወራ ነበር። ልቡ የደከመ ሰው ጋደም ሲል ውሃ ሳንባው ላይ ስለሚወጣበት ትራስ እንደሚደራርብ የሚናገረው ገጽ እዚያው ጥራዝ ውስጥ ነበር። ጭንቅላቱ ስር።

ከዚያ ሆስፒታል ለልምምድ ወጣን። የተመደብንባት ሲስተር ጎልማሳ ናት፣ ቁጡም ደግም። ክንዱ የተሰበረ ሰውዬ ጋ ወስዳ «ልቡን ስማና ንገረኝ» አለችኝ። ሰማሁ። ደግሜ ሰማሁ።

«ሲስተር፣ የዚህ ሰውዬ ልብ ጎዶሎ ነው።»

«ምኑ ነው የጎደለው?»

«መሃሉ።»

ሰውዬው ደነገጠ። ሲስተር ራሷ አዳመጠችና «ሰው አታስደንግጥ፣ ደህና ነው» አለችኝ። የሚቀጥለው አልጋ ላይ ያለችውን ሴት ሰማሁ፤ እሷም ጎዶሎ። ሦስተኛው በሽተኛ እንኳ አልነበረም፣ ለእህቱ ምሳ ሊያደርስ የመጣ ነው። እሱም ጎዶሎ። እንግዲህ የጋምቤላ ሕዝብ በሙሉ ሊታመም አይችልም።

ሲስተር እየሳቀች «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ የጤነኛ ሰው ልብ ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«እንዴታ! ወር ሙሉ ሰምቻለሁ።»

«እስቲ ምን ይላል?»

ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። «ሉብ፣ ሽሽ፣ ደብ።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ጓደኛዬ ከማዶ አልጋው ጋ ቴርሞሜትር ይዞ ቆሞ ነበር። ሰምቷል። እሱ ቴርሞሜትሩን አስቀመጠና ወደ እኛ መጣ። ሸሚዙን ራሱ ፈታ። ሲስተር ደረቱ ላይ ያለውን ምልክት አይታ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ስትለው «ክፍላችን ነው የጻፈው» አላት።

ሲስተር ሰማችው፣ ሐኪም ጠራች። የልቡ በር ከልጅነቱ ጀምሮ ተበላሽቶ አይገጥምም፤ በእያንዳንዱ ምት ደሙ ወደኋላ እየተመለሰ ነው የሚያሽሸው። አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉለት። ሄዶ መጣ። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፣ ወረፋ ይጠብቅ ተባለ። ክኒን ተሰጠው፣ በየወሩ የሚወጋ መርፌም ታዘዘለት። መርፌውን እኔ ነበርኩ የምወጋው። ደም ሳይ መውደቅ የተውኩት እዚያ ላይ ነው። «ዶክተር ብስኩት፣ ዓይንህን ጨፍነሃል» ይለኛል፤ «ቂጥህን ላለማየት ነው» እለዋለሁ።

ክረምቱ ሲገባ እግሩ አበጠና ጫማው አልገባ አለው። የእኔን ሰፊ ነጠላ ጫማ አደረገ። አንድ ቀን ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩ። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሁለታችንም አየነው። ምዕራፉን ሁለታችንም ተምረነዋል፤ ማን ለማን ያስረዳል?

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆስፒታል ተኛ። ከሰዓት በኋላ ስሄድ ትራስ ተደርድሮለት ተቀምጧል። ማዳመጫው እንደ ልማዴ አንገቴ ላይ ነው።

«ዛሬ ተራዬ ነው» አለኝ።

«የምን ተራ?»

«እሱን። ሁላችሁም ሰማችሁ። እኔ አልሰማሁም።»

እውነቱን ነው። ወሩን ሙሉ ጀሪካኑ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው፤ ተራ የሰጠው የለም። እሱም አልጠየቀም። ሸሚዜን አወለቅኩ። «ከስቡ ጋር በርታ» አልኩት። ጆሮው ውስጥ አስገባሁለትና ደረቴ ላይ ይዤለት ተጠጋሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ምንም አልሰማ አለው። ጠበቅን። ዝናቡ ረገብ ሲል ዓይኑን ጨፈነ።

«መሃሉ ዝም ይላል» አለ።

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አላወለቀውም። እኔም ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ እስኪያመኝ ቆየሁ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚያርፈው» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ ነው የሰጠኝ።

የወረፋው ጥሪ ሳይመጣ ሞተ። ቀብሩ ላይ የፑኝዶዋ ልጅ አጠገቤ ቆማ ነበር። መዘምራኑ ያቺን ረጅሟን ዜማ ሲጨርሱ «ጠይቄ ነበር እኮ» አለችኝ።

አሁን ያንኑ ትምህርት የማስተምረው እኔ ነኝ። ፎጣው አንገቴ ላይ፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ክፍል ይገባል። ተማሪዎቼ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የአሥር ሰው ደረት ካልሰሙ አልለቃቸውም፣ እርስ በርስም ሁሉም ተራ ያገኛል። ክርር ያለ ነው ይሉኛል፣ ቀልደኛው ሰውዬ እዚህ ላይ ብቻ ምን ሆነ ይላሉ። አልነገርኳቸውም።

ልጄ ፌስታሉን እንደያዘች ቆማ ትጠብቀኛለች። ማዳመጫውን ቀስ ብዬ አላቀቅኩት፣ ጆሮዬ ውስጥ አስገባሁ፣ ሌላውን ጫፍ ደረቴ ላይ አሳረፍኩት። ቱቦው ከውስጥ ተጣብቋል መሰለኝ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ዝም ይላል» አልኳት።