ሥሩን የሚያዩት አጎቴ

አጎቴ በረዶ በጣለ ቁጥር አሌክሳንድሪያ ባለው ቤታችን ግቢ በረዶውን በአካፋ እንደ ዳቦ ይቆርጡና ንብርብሩን በጣታቸው እየተጫኑ ያዩ ነበር። «ጣሪያው ላይ ያለውም ይኸው ነው። ላዩ አያታልላችሁ፤ የሚናደው ከሥሩ ነው» ይሉናል። ከሥር ብርጭቆ የመሰለ ግግር ካገኙ በፊት ለፊት በር መውጣት ክልክል ነው። ሥራ እየረፈደብኝ ስንቴ ተነጫንጬባቸዋለሁ።

ካረፉ ወዲህ አካፋቸውን ከቆመበት ያነሳው አልነበረም። ባለፈው ሳምንት በረዶ ጥሎ ልወጣ ስል ግን ቦታው ባዶ ነው። በመስኮት ሳይ፣ በእንግሊዝኛ ካልሆነ የማትመልስልኝ ልጄ ግቢው ውስጥ ተንበርክካ ጣቷን በረዶው ውስጥ ሰክታለች።

«እማዬ፣ በጓሮ ውጪ» አለችኝ በአማርኛ። «ሥሩ ብርጭቆ ነው።»

በጓሮ ዞርኩ። መኪናዬን ሳላስነሳ የጣሪያው በረዶ ደጃፉ ላይ ተናደ። ሥራ ረፈደብኝ፤ አልተነጫነጭኩም።