የእትዬ ወርቅዬ ሁለተኛ ዓይን

ጉልላት አየር ጤና ባሉ ጋራዦች በር ላይ «ጎማ እንጠግናለን» እያለ ሲጽፍ ሃያ ዓመት ሞላው። እንጀራው ይኸው ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ሌላ ጋ ነው። እሁድ እሁድ ቤቴል በተከራያት ክፍል ሱሪያሊዝም ይሥላል፤ ሕልምና እውን የተላተሙበት ሥዕል ማለት ነው። ሰውዬው አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማን ያቆመዋል!

ዘንድሮ የጌታን የመጨረሻ እራት ሣለ። ማዕዱ የተዘረጋው አየር ላይ በሚንሳፈፍ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ነው፤ ኅብስቱ ክንፍ አውጥቷል። ማዕደኞቹ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ናዝራዊትን ለማግባት አስቦ ነበርና፣ እናቷን እትዬ ወርቅዬን ደስ ይበላቸው ብሎ ከጌታ ቀኝ አስቀመጣቸው። ጥፋቱ፣ ወደ ጌታ ዞረው እንዲታዩ ከጎን መሣሉ ነው።

ከጎን ሲሣሉ የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነዋ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባለ አንድ ዓይን ማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል፤ ሰይጣንና ይሁዳ!

እትዬ ወርቅዬ ሥዕሉን ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

«አንተ! ዕድሜዬን ሙሉ ስጾም የኖርኩትን ሴትዮ ሰይጣን አደረግከኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ የአተያይ ነገር ነው! ሌላው ዓይንዎ በወዲያ በኩል አለ።»

«በወዲያ በኩል ምን ይሠራልኛል? ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ዓይኔን መልስ!»

ምስኪን ጉልላት! ለዓይኑ ቦታ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። በመጨረሻ ጨክኖ ጉንጫቸው ላይ፣ ከጆሯቸው ዝቅ አድርጎ ሣለው።

ቅዳሜ ሽማግሌውን ጋሽ ገብረማርያምን አስቀድሞ ወደ እትዬ ወርቅዬ ቤት ሄደ። አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ግን ሸራውን ማን ይሸከምለት? ጋሽ ገብረማርያም ጉንጭ ላይ የበቀለውን ዓይን አይተው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። እትዬ ወርቅዬ ግን ቀረብ ብለው ቆጠሩ።

«አንድ… ሁለት። እሰይ! አሁን እኔን መሰለ።»

ወዲያው ከማዕዱ ጫፍ ኩርምት ያለ አንድ ባለ አንድ ዓይን አዩ።

«ይሄስ ይሁዳ ማነው?»

ጉልላት አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ማንን ይሁዳ ላድርግ? ሰው እንዳላስቀይም ፈራሁ።»

እትዬ ወርቅዬን አንጀታቸውን በላው።

«ናዝራዊት!» ሲሉ ወደ ጓዳ ተጣሩ። «ኩልሽን አምጪ!»

ኩሉ መጣ። በገዛ እጃቸው፣ የይሁዳው ግንባር ላይ አንድ ትልቅ፣ ጠማማ ዓይን ሣሉለት።

«ልጄን ለይሁዳ አልድርም» አሉ።