የሰባት ኪሎ ሻንጣ

እጄ ከባድ ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የብየዳ ቤቴ ብረት ቀጥቅጬበታለሁ፤ ልጆቼንም መትቼበታለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከመዝሙር ደብተር ነው፤ ያላወቅኩትን እየጠየቅኩ፣ የሳቀብኝን እየተደባደብኩ። ስለዚህ ልጅ የሚማረው በዱላ ሲጠበቅ ነው ብዬ አመንኩ። በተለይ ውሸት አላሳልፍም ነበር። ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ብርጭቆ ሰብራ "ድመት ናት የሰበረችው" ስላለችኝ በጎማ ቁራጭ ገረፍኳት። ምልክቱ እስካሁን እግሯ ላይ አለ።

ያቺ ልጅ ነርስ ሆነች። ባለፈው ዓመት ዱባይ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አገኘች። የተቆረጠላት ትኬት ርካሽ ስለነበር ከአንድ የእጅ ሻንጣ በላይ አይፈቅድም፤ ክብደቱም ከሰባት ኪሎ እንዳያልፍ ተብሏል።

"ቀለል አድርገሽ ያዢ" አልኳት። "ብዙ የሚይዝ ሰው ልቡ ዕቃው ላይ ነው።"

ሰማችኝ። ልብሶቿን እንደ ሰሌን ጠቀለለቻቸው። ካልሲዎቿን ጫማ ውስጥ ወተፈች። ከባዱን ጃኬት ለብሳው ልትሄድ ለየችው። ሁለት ነጭ ጋዎኖቿን፣ የትምህርት ማስረጃዋንና ትንሿን መጽሐፍ ቅዱስ ከተተች። ከዚያ ሻንጣውን ጎረቤታችን ያለው እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው፤ ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። በልቤ ኮራሁ። አልነገርኳትም።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ታላቅ ወንድሜ ከገጠር፣ ከሆመቾ መጣ። በኮባ የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ሦስት ኪሎ የሚሆን ቅቤ ይዟል። ልጁ ዱባይ ውስጥ ጥበቃ ነው። በእኛ አገር ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው የራሱን ብቻ ይዞ አይወጣም። እዚያ ላለው ዘመድ ቅቤውም፣ ዳጣውም፣ ቆሎውም በመንገደኛው ትከሻ ነው የሚደርሰው። እምቢ ማለት የላኪውን እጅ መምታት ነው።

"አባባ፣ ኤርፖርት ይጥሉታል" አለችው ልጄ፤ አጎቷን አባባ ነው የምትለው። "በእጅ ሻንጣ ቅቤ አያስገቡም። እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጥሩት።"

ወንድሜ ሳቀ። "ቅቤ ፈሳሽ? ከሆመቾ ድረስ በብብቴ ይዤው መጣሁ፣ የቱ ጋ ፈሰሰ?" ሻንጣዋን በከዘራው ነካ አደረገው። "ደግሞ ይሄ ሻንጣ ነው ወይስ የምሳ ዕቃ?"

"ሰባት ኪሎ ነው የተፈቀደልኝ።"

"ሚስቴ ሁለት ወር ስትንጥ፣ ስታጠራቅም ከርማለች። ጨርቅሽ ከልጄ ይበልጣል?"

"አልወስድም አባባ። ይቅርታ።"

ከዘራውን አነሳና ሻንጣውን መታው። ሁለተኛው ምት ሲያርፍበት ክዳኑ ተከፍቶ ልብሶቿ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ነጩን ጋዎን በጫማው ረገጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ያሳደግካት አንተ ነህ" አለ።

ልጄ ተንበርክካ ልብሶቿን እየሰበሰበች ቀና ብላ አየችኝ። "አባዬ፣ ቀለል አድርገሽ ያዢ ያልከኝ አንተ ነህ። ንገረው።"

በእጄ ጀርባ መታኋት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አላለቀሰችም፤ ስላላለቀሰችም ደገምኳት። የዓይኗ አጥንት ሲመታኝ እጄ ራሱ አመመኝ። እናቷ መሃላችን ገባች፤ እሷንም ገፍትሬ ከግድግዳ ጋር አጋጨኋት። ወንድሜ "በቃ፣ በቃ" እያለ ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ ያያል።

ጋዎኖቹን አውጥቼ በቦታቸው ቅቤውን ከተትኩ። ዚፑን የዘጋሁት በጉልበቴ ተጭኜ ነው።

ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናት። ሚኒባሱ እስኪሞላ እጄን ጭኜባት ጸለይኩ። ስጸልይ ዓይኔን ገልጬ አየኋት፤ አልጨፈነችም። የቀኝ ዓይኗ ግን ከእብጠቱ የተነሳ ራሱ ተከድኖ ነበር። ረዳቱ "እህት፣ ሻንጣሽን ላዩ ላይ ልጫንልሽ?" ሲላት እቅፍ አድርጋው ገባች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ከዱባይ ደወለች። እናቷ ስልኩን ላውድ ላይ አደረገችው።

"ቅቤውን ጣሉት" አለች። "ለአባባ ንገሩት።"

"ደህና ገባሽ?" አልኩ።

"ልቀር ነበር። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፎቶና ፊቴ አልመሳሰል አላቸው። አንዷ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ለብቻዬ ክፍል አስገባችኝ። ማን ነው የመታሽ፣ ተገደሽ ነው ወይ የምትሄጂው እያለች ጠየቀችኝ። አውሮፕላኑ ሰው ማስገባት ጀምሯል።"

"ምን አልሻት?"

"የሚኒባስ በር መታኝ አልኩ።"

ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ።

"ዋሸሁ፣ አባዬ። ለአንተ ብዬ አይደለም። እውነቱን ብናገር ያስቀሩኝ ነበር።" ስልኩ ተዘጋ።

ውሸት አትናገሪ ብዬ የገረፍኳት ልጅ፣ በእኔ እጅ ምክንያት ከውሸት ሌላ መውጫ አጣች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ግን መጻፍ አለብኝ። ልጁን የሚመታ አባት ለልጁ እውነት አያስተምርም። የሚያስተምረው መቼ መዋሸት እንደሚያዋጣ ነው። ይህን ያወቅኩት በስተርጅና ነው።

ሆመቾ ሄጄ ለወንድሜ ነገርኩት። "ቅቤው ተጥሏል ጋሼ። ልጅቷ ትክክል ነበረች።" በከዘራው ትከሻዬን መታኝ። ቀና ስል ደገመኝ። እጄን አላነሳሁም። ልጅቷ እንዴት ናት ብሎ ግን አልጠየቀኝም፤ ያ ከዱላው በላይ አመመኝ። ያን ቀን ቤቴ ውስጥ እኔም ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም።

ጋዎኖቹን እናቷ አጥባ ተኮሰቻቸው። እኔና ልጄ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ስትደውል የምታወራው ከእናቷ ጋር ነው። ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ወጣት ዱባይ ሊሄድ መሆኑን ሰምቼ ጋዎኖቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ቤቱ ሄድኩ። ሻንጣውን እየዘጋ ነበር፤ የእጅ ሻንጣ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ" አለኝ። "ሰባት ኪሎ ሞልቷል። ምንም አይገባልኝም።"

እናቱ ከማጀት ወጥታ ተቆጣችው። "ለጎረቤት እንዲህ ይባላል? አባትህ ቢሰማ ምን ይልሃል?" እጇን አነሳች።

መሃላቸው ገባሁ። "ተይው" አልኳት። "ልጁ እውነቱን ነው።" ላስቲኩን በብብቴ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።