ድምፅ የሌለው ንባብ

ዓይኔ ከከዳኝ ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ሐኪሙ ልጅ እግርና ትሁት ነበር፤ መብራቱን ዓይኔ ውስጥ አብርቶ ሲያበቃ ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ «አባባ፣ የሄደውን አንመልሰውም፤ የቀረውን ነው የምንጠብቀው» አለኝ። የቀረው ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከደጄ ተቀምጬ ወደ ጣና ስመለከት ውኃውና ሰማዩ አንድ አመድማ ነጠላ ሆነዋል፤ ታንኳ ይሁን ወፍ፣ በመሐል የሚንቀሳቀስ ነጥብ አያለሁ። ዘንድሮ እሱም እየሳሳ ነው።

ዳዊቴን የምታነብልኝ የልጄ ልጅ ማኅደር ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ ትቀመጥና መዝሙሩን ታደርስልኛለች፤ ከዚያ በኋላ የራሷን የተረት መጽሐፍ ታወጣለች። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ እያነበበችልኝ ሳለ ድምጿ ቆመ። ጠበቅሁ። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከጓሮ ዶሮዎች ሲጭሩ ይሰማኛል፤ የእሷ ድምፅ ግን የለም።

«ተኛሽ እንዴ?» አልኋት።

«ኧረ እያነበብኩ ነው አባባ። ጣፈጠኝና በልቤ ሆነብኝ» ብላ ሳቀች።

አብሬያት ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ይህችን «በልቤ» የምትባል ቃል ሳላውቃት የሰው ልጅ በድያለሁና።

ባሕር ዳር የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዱርቤቴ የመጣሁት በጭነት መኪና፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስለነበር ከተማዋን መጀመሪያ ያየኋት እያስነጠስሁ ነው። ዘንባባውን፣ ሰፊውን አስፋልት፣ በብስክሌት የሚከንፈውን ሰው አየሁና፣ እዚህ አገር ሰውን ምን ያስቸኩለዋል አልሁ በሆዴ። ያገኘሁት ሥራ ጥበቃ ነው። የምጠብቀውም ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ የሕፃናት ንባብ ቤት ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አራት መደርደሪያና አንድ ቁምሳጥን። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰብለ የሚባሉ፣ ባላቸው ፋብሪካ የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ዓመት ሳይሞላኝ ባላቸው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። ወይዘሮ ሰብለ ሲሄዱ ቁልፉን ሰጡኝና፣ ሌላ ሰው እስኪላክ ቤቱን አንተ ያዘው፣ ፊደል ቆጥረህ የለም ወይ አሉኝ። ሌላ ሰው ሳይላክ ቀረ።

ፊደልስ ቆጥሬያለሁ። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ከዘመናዊው ትምህርት ግን ሦስተኛ ክፍልን ጀምሬ አልጨረስሁትም። ወይዘሮ ሰብለ የተዉልኝ ሕግ ሦስት ነበር። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ይግቡ፤ መጽሐፍ ከበር አይውጣ፤ ጸጥታ ይከበር። ሦስተኛው በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ ተጽፏል። እኔ ጸጥታ ሲባል ጠብ አይኑር፣ ሩጫ አይኑር ማለት መስሎኝ ነበር። ሰው እንዴት አድርጎ ያለ ድምፅ ያነብባል? በእኛ አገር ንባብ ጆሮ የሚሰማው ነው። የኔታ አንድ ልጅ ዝም ብሎ ገጽ ላይ ሲያፈጥ ካዩ፣ «ዓይንህን ታበላለህ ወይስ ታነብባለህ?» ይሉና በአለንጋቸው ጫፍ ይነኩት ነበር።

እኔ አለንጋ አልነበረኝም፤ ልጅ መምታትም አይሆንልኝም። ግን ልጆቹን ሁሉ ድምፃችሁን አሰሙ አልኋቸው። በሦስተኛው ቀን ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኽ ጀመር። አንዱ ስለ ቀበሮ፣ አንዷ ስለ ንጉሥ፣ አንዱ ስለ ባቡር፣ ሁሉም በየጩኸቱ። በመንገድ የሚያልፉ አንድ አዛውንት የቄስ ትምህርት ቤት መስሏቸው ከበሩ ቆመው አማተቡና ሄዱ። እኔም ደስ አለኝ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጠዋት አቧራ መወልወል፣ ከበሩ ባለው በርሜል ውኃ መሙላት፣ የገቡትን ልጆች መዳፍ እያገላበጡ ማየት። የሐይቁ እርጥበት ወረቀት ያሳብጣል፤ ክረምቱ ሲወጣ መጻሕፍቱን ግቢ ውስጥ ጆንያ ላይ ዘርግቼ እንደ ብቅል አሰጣቸዋለሁ። የተገነጠለውን በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ፤ አይጥ ደግሞ ሙጫውን ብላ መጽሐፉን ትጨምርበታለች። ቀትር ላይ ከታች ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች የዘይት ሽታ በመስኮት ሲገባ የሁላችንም ሆድ አብሮ ይጮኻል። ወደ ማምሻው፣ ከመዝጋቴ በፊት፣ ልጆቹ ተራ በተራ ካነበቡት ጥቂት ያሰሙኛል። በደንብ ያሰማ በማግስቱ የፈለገውን መጽሐፍ ይይዛል፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበርም ይቀመጣል።

ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ጋሽ አያሌው ከሐይቁ ማዶ በታንኳ እንጨት ያመጣሉ፣ እናቷ ወይዘሮ ጥሩ ይሸጣሉ። ስንዱ በየቀኑ ትመጣለች። እጇን ከሁሉም ልጅ አብልጣ ትታጠባለች፣ እስከ ክርኗ ድረስ። ሰላም ስላት አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች እንጂ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ሁልጊዜ የምትይዘው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ የሌለ፣ በድርቅ ጊዜ ውኃ ፍለጋ የወጣች ኤሊ ታሪክ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ከንፈሯ ተገጥሞ ትቀመጣለች። ዓይኗ ብቻ ነው የሚሄደው።

አንድ ማምሻ፣ «ስንዱ፣ ዛሬ አንቺ አሰሚኝ» አልኋት። ተነሣች። አፍንጫዋ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ኤ...» አለች፤ «ኤ... ኤ...» ከዚያ በኋላ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ልጆቹ ሳቁ። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የጠፋበት ልጅ እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያዋን ይዞ ሌላዋን ይፈልጋል። አሳዘነችኝ። «ግድ የለም፣ ግድ የለም» አልኋትና መጽሐፉን ቀስ ብዬ ከእጇ ወሰድሁ። ጽሑፍ የሌለበት፣ የእንስሳት ሥዕል ብቻ ያለበት ሌላ ሰጠኋትና፣ «ሥዕሉን እይ» አልኋት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የኤሊዋን መጽሐፍ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት፤ አንብቦ የሚያሰማ ሲገኝ ልሰጠው።

በሳምንቱ ጋሽ አያሌው መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት እርጥብ ነው። ከደፍ አልፈው አልገቡም። ማክሰኝት ያለች እህታቸው ሻይ ቤት ከፍታ የምታግዛት ልጅ ስጡኝ እያለች መሆኗን ነገሩኝ። ባለቤታቸው ግን ልጅቱ ንባቡን ይዛዋለች፣ አትሂድብኝ ብላ እንቢ ብላለች። «እኔ ፊደል የለኝም መምህር። እርስዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ትችላለች?»

መምህር አልነበርሁም። ግን ስሙ ደስ አለኝ መሰለኝ፣ እንደ መምህር መለስሁላቸው። «ጋሽ አያሌው፣ ልጅዎ ጨዋ ናት፤ ንባቡ ግን አልሆነላትም። ሥዕል ነው የምታየው።» መሬት መሬት አዩ። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ ብለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሄዱ። ስንዱም ከማግስቱ ጀምሮ ቀረች።

ጥር ላይ ወይዘሮ ጥሩ ብቅ አሉ። የእንጨት ሸክማቸውን ከአጥሩ አስደግፈው፣ መጽሐፍ ሊነኩ ሳይሆን እንዲሁ ሕጉን አክብረው፣ ከበርሜሉ እጃቸውን ታጥበው ገቡ።

«ወንድሜ፣ አትታዘበኝ። ያቺ ኤሊ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አሉኝ።

የቷ ኤሊ አልኋቸው።

«ውኃ ፍለጋ የወጣችው ናታ። ስንዱ የምታወራልን። በየቀኑ ካነበበችው እያመጣች ትነግረን ነበር። እሾህ ከሞላው ደረቅ ወንዝ ላይ አደረሰችን፣ እዚያው ቀረን።»

መጽሐፉን ከቁምሳጥኑ አውጥቼ ገለጥሁት። በመጨረሻው በኩል፣ ሦስት ገጽ ሲቀረው፣ አንድ ቀጭን የደንገል ልጥ ገብቶበታል፤ ከአባቷ ታንኳ የተመዘዘ። ቦታዋን የያዘችበት ነው። ደረቅ ወንዙና እሾሁ እዚያው ገጽ ላይ ነበሩ። ያች ልጅ ፊደል አልጠፋትም። ለምን አላሰማችኝም ብዬ ጠየቅሁ፤ ጥያቄው ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም።

«አፏ ሰው ፊት ይያዛል። ከእኛ ጋር ሲሆን ግን እንደ ውኃ ነው የምታወርደው» አሉ። ቀጥለውም፣ «መጽሐፉን ስትወስድባት ምን አለች መሰለህ? መጨረሻው ክፉ ስለሆነ ነው፤ ጋሼ እንዳላዝን ብሎ ነው የደበቀብኝ፣ ኤሊዋ ሞታለች ማለት ነው አለች። ያንን ይዛ ነው የሄደች።»

ሦስቱን ገጽ በድምፅ አነበብሁላቸው። ኤሊዋ እሾሁን ተሻግራ፣ የጀርባዋ ድንጋይ ተሰንጥቆ፣ ከአንድ ሐይቅ ትደርሳለች። ወይዘሮ ጥሩ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ደረሰች በለኛ» አሉ። አላለቀሱም፣ አልተቈጡኝምም። ሸክማቸውን አንሥተው ወጡ። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቤቱን ቆለፍሁ። መጽሐፍ ከበር አይውጣ የሚለውን ሕግ ያፈረስሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የኤሊዋን መጽሐፍ በነጠላዬ ጠቅልዬ የጎንደር አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ሐሙሲት ስንደርስ ሴቶች የሽምብራ እሸት በመስኮት ዘረጉልን፤ ገዝቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት እንጂ አልበላሁትም። ፎገራ ሜዳ ላይ ከብቱ ብዛቱ፣ ሰማዩ ጥራቱ፤ አገር ሁሉ ደኅና ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ ጥፋት የያዝሁ እያልሁ ሄድሁ። የምላትን በቃሌ ይዣለሁ። ኤሊዋ ደርሳለች፣ ይኸው እይው፣ አባትሽን አነጋግሬ አስመልስሻለሁ።

ማክሰኝት ገበያ ቀን ነበር። የአክስቷ ሻይ ቤት በእህል ነጋዴ ተሞልቷል። ስንዱ ባልዲ ይዛ ከጓሮ ስትገባ አየኋት። አምስት ወር የማይሞላ ጊዜ ነው፤ ግን ረዝማለች፣ ፊቷም ጠቁሯል። ስታየኝ ባልዲውን አስቀመጠችና ቆመች። የያዝሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ።

«ስንዱ፣ ኤሊዋ እኮ ደርሳለች» አልሁና መጽሐፉን ዘረጋሁላት። «ይኸው፣ አንብቢው።»

አንብቢው አልሁ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ደንገሉ ካለበት ገለጠች። በዙሪያዋ ያለውን ሰው አየች፣ እኔን አየች፣ እንድታሰማኝ የጠየቅኋት መስሏት አፏን ከፈተች።

«ኤ... ኤ...»

አንድ ነጋዴ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ «ይቺስ እንደ አሮጌ መኪና ካልተገፋች የምትነሣም አይደለች» አለ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቷም ሳቀች። ተዪው፣ ለእኔ አይደለም፣ በዓይንሽ ብቻ እይው ልላት ፈለግሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ግድ የለም፣ ግድ የለም» ሆነ። መጽሐፉን በወሰድሁባት ቀን ያልሁት ራሱ። መጽሐፉን ዘጋች፣ በሁለት እጇ መለሰችልኝ፣ ባልዲዋን አንሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። አክስቷ ሻይ ቀድታልኝ ነበር፤ ሳልጠጣ ወጣሁ።

ባሕር ዳር ተመልሼ፣ ልጅቱን ይመልሷት ብዬ ጋሽ አያሌውን ለመንኋቸው። እውነቱን ነገርኋቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ልጅቱ ለእህቴ ተሰጥታለች፣ ቃል ቃል ነው መምህር፤ ደግሞስ ያን ቀን ውሸት ነግረውኝ ነበር ወይስ ዛሬ ነው የሚዋሹኝ አሉ። ከዓመት በኋላ ስንዱ ከአክስቷ ዘንድ ወጥታ ወደ ጎንደር ሰው ቤት ገብታለች ተባለ፤ ከጎንደር ደግሞ ወደ መተማ ሄዳለች ተባለ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ አልተገኘም። እኔ ልጆቹን አሰሙኝ ማለት ተውሁ። ቤቱ እንደ ግድግዳው ጽሑፍ ጸጥ አለ። ጸጥታው ግን ደስ አይልም ነበር፤ ማን እያነበበ ማን ዓይኑን እያበላ እንደሆነ አላውቅም። ኋላ ቤቱ መጋዘን ሆነ፤ መጻሕፍቱን በጆንያ ጭነው ወሰዷቸው። የደንገሉ ልጥ ከዚያችው ገጽ አልተነሣም ነበር።

እስከ ዛሬ የማሰላስለው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን በሻይ ቤቱ አፏ ሲያዝ መጽሐፉ ፊቷ ተገልጦ ነበር። እየሳቁባት ሳለ፣ ዓይኗ እሾሁን አልፎ ወደ ኤሊዋ ሐይቅ ወርዶ ይሆን? ወይስ ያየችው ሳቁን ብቻ ነው? ከንፈሯን ነበር የማየው፤ ዓይኗን አላየሁም።

ትናንት ማኅደር ስታነብልኝ ድምጿ እንደገና ሊጠፋ ሲል ተሰማኝ። «በልብሽ አንብቢው» አልኋት።

«እንዴ አባባ፣ ለእርስዎ እኮ ነው የማነበው። እንዴት ይሰማዎታል?»

«አንቺ ብቻ ጨርሺው።»

ዝም አለች። ንፋሱ ከሐይቁ ይመጣል። አንድ ገጽ ሲገለበጥ ሰማሁ፣ ቆይቶ ሌላ፣ ቆይቶ ሌላ። ከዚያ መጽሐፉ ተከደነ። መጨረሻውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።